አልጮኽ ያለው ከበሮ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የምትቸኩሉ ደግሞ መንገዳችሁን ቀጥሉ፤ ይቺ ወሬ ዞራ ዞራ የምትመለስ ናት። ወይራ አምባ በምትባል ከተማ አንድ የባህል ጥበብና የቅርስ ማኅበር አለ፤ ኩሩ ማኅበር። ኃላፊዎቹ ቁልፍ እንኳ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት እንደ ሜዳሊያ ነው። እኔም የዚያው ከተማ ሰው ነኝና፣ ብስቅባቸውም ደረቴን ነፍቼ ነው የማወራላቸው።

የማኅበሩ የዘፈን ክፍል ኃላፊ እትዬ አንጓች ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። ሰውን ከየቤቱ ለኅብረት ሥራ የሚጠራውን የደቦ ጥሪ በከበሮ መምታት የሚያውቅ እጅ የእሳቸው ብቻ ቀርቷል። የማኅበሩ ቀን ቅዳሜ ሊከበር፣ ሐሙስ ጠዋት ከበሮውን ቢሞክሩት ጠፍሩ ላልቷል፤ ቧ! ቧ! ይላል እንደ ባዶ ጀሪካን። ሊቀመንበሩ አቶ ልሳነወርቅ፣ “ግድ የለም እትዬ፣ ካልሆነም ያለፈው ዓመት ቅጂ አለ፤ በድምፅ ማጉያ እናሰማለን” አሏቸው።

እትዬ አንጓች ደማቸው ፈላ። “እኔ በቁሜ ቅጂዬ ሊሰማ? ተዝካሬ ነው እንዴ? ከበሮዬን ብቻ አጥብቁልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ!” ብለው ከበሮውን አንግተው ወጡ።

በቀጥታ የቆዳ ሥራ ኃላፊው አቶ ቢተው ዘንድ ሄዱ። “ቢተው፣ ጠፍሩ አልጠብቅ ብሎ ከበሮው አልጮኽ አለኝ፤ አጥብቅልኝ።”

“በደስታ ነበር እትዬ፣ ግን አዲስ ቀዳዳ ካልበሳሁ አይጠብቅም፤ ወስፌዬ ደግሞ ተሰብሯል። ወስፌ ያምጡልኝ እንጂ እንኳን ከበሮ ከተማውን አጠብቅልዎታለሁ።”

ሁለቱም ብረት ቀጥቃጩ ደመላሽ ዘንድ ሄዱ። “ደመላሽ ልጄ፣ ወስፌው ተሰብሮ፣ ጠፍሩ አልጠብቅ ብሎ፣ ከበሮው አልጮኽ አለኝ። ወስፌ ቀጥቅጥልኝ።”

ደመላሽ መሬት መሬት ያይ ጀመር። “እሳቱ በምን ይንደድ እትዬ? ወናፍ የለኝም።”

“የት ገባ?”

“ለማኅበሩ ሰጠሁት። ባለፈው ዓመት ‘የአባቶች ወናፍ’ ብላችሁ መስተዋት ውስጥ ያስቀመጣችሁት እሱ ነው። ሲጨበጨብልኝ ጊዜ ደስ አለኝና ሰጠሁ፤ ሌላ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ቤቴ ስገባ ነው። ይኸው ዓመቱን ሙሉ ማጭድ በድንጋይ ስስል ከረምኩ።”

እትዬ አንጓች ያን ቀን ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት እሳቸው ነበሩና ከበሮውን አንግተው ቀድመው ወጡ። ሦስቱም ተያይዘው የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ብርነሽ ዘንድ ሄዱ። “ብርነሽ፣ ወናፉ መስተዋት ገብቶ፣ እሳቱ አልነድ ብሎ፣ ወስፌው ተሰብሮ፣ ጠፍሩ አልጠብቅ ብሎ፣ ከበሮው አልጮኽ አለኝ። ወናፉን አውጪልኝ።”

“ምነው እትዬ! ቁልፉ አንገቴ ላይ ይሁን እንጂ በእኔ ቃል አይዞርም። ሊቀመንበሩ ሳያዙ የቅርስ ቤቱ በር አይከፈትም።”

አራቱም አቶ ልሳነወርቅ ዘንድ ሄዱ። “ልሳነወርቅ፣ በሩ አልከፈት ብሎ፣ ወናፉ አልወጣ ብሎ፣ እሳቱ አልነድ ብሎ፣ ወስፌው ተሰብሮ፣ ጠፍሩ አልጠብቅ ብሎ፣ ከበሮው አልጮኽ አለኝ። በሩን አስከፍትልኝ።”

አቶ ልሳነወርቅ ኮታቸውን አስተካከሉ። “እትዬ፣ ደንቡን እርስዎም ፈርመውበታል። የቅርስ ቤቱ በር የሚከፈተው የደቦ ጥሪው ሲመታ ብቻ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አንዲት ቀን አልተጣሰም፤ በእኔ ዘመንም አይጣስም!”

አያችሁልኝ? ጥሪው ካልተመታ በሩ አይከፈት፣ በሩ ካልተከፈተ ወናፉ አይወጣ፣ ወናፉ ካልወጣ እሳቱ አይነድ፣ እሳቱ ካልነደደ ወስፌው አይሠራ፣ ወስፌው ካልተሠራ ጠፍሩ አይጠብቅ፣ ጠፍሩ ካልጠበቀ ከበሮው አይጮኽ፣ ከበሮው ካልጮኸ ጥሪው አይመታ! አራት የተከበሩ ኃላፊዎችና አንድ ቀጥቃጭ ተያይዘው መጥተው የቅርስ ቤቱ በር ላይ ተገትረው እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ልሳነወርቅ ቀስ ብለው፣ “እንግዲህ ቅጂው...” ማለት ጀመሩ።

አልጨረሱትም። እትዬ አንጓች ከበሮውን ለቢተው አስታቀፉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። በሩን በጣታቸው አንኳኩ። “ዋንዛ ነው አይደል? ከበሮዬም ከዚሁ እንጨት ነው” አሉ። ከዚያ በሁለት መዳፋቸው ያንን ወፍራም በር ይመቱት ጀመር። ድም! ድም-ድም! ድም! ድም-ድም! እነዚያ የሰባ ስምንት ዓመት እጆች!

ገበያ ውስጥ ተሸካሚው ሸክሙን አወረደ። ከወንዝ ማዶ ጤፍ የሚያርሙት ቀና አሉ። “የደቦ ጥሪ ነው!” ብሎ ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። አቶ ልሳነወርቅ ኮስተር ብለው ሊቆሙ ሞክረው ነበር፤ ትከሻቸው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ እስክስታውን ጀመረው።

“ልሳነወርቅ! ጥሪው ተመታ ወይስ አልተመታም?” አሉ እትዬ አንጓች እጃቸውን ሳያቆሙ።

“ተመታ እትዬ! ተመታ! ክፈቺ ብርነሽ!” ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ጥሪው ቢመታ በሩ ተከፈተ፣ በሩ ቢከፈት ወናፉ ወጣ፣ ወናፉ ቢወጣ እሳቱ ነደደ፣ እሳቱ ቢነድ ወስፌው ተሠራ፣ ወስፌው ቢሠራ ጠፍሩ ጠበቀ፣ ጠፍሩ ቢጠብቅ ከበሮው ጮኸ! ቅዳሜ ዕለት እትዬ አንጓች ሲመቱት የቅርስ ቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ስለ ቅጂው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከክልል የመጡ እንግዳ ባዶው መስተዋት ፊት ቆመው፣ “እዚህ የነበረው ተሰረቀ እንዴ?” አሉ። አቶ ልሳነወርቅ በገዛ እጃቸው የጻፉትን ወረቀት አሳዩዋቸው። እንዲህ ይላል፦ “ወናፍ። ባለቤቱ ደመላሽ። ሥራ ላይ ነው።”

ዘንድሮ ወደ ባለቤቱና ወደ ሥራው የተመለሰው ዕቃ በዝቶ ባዶው መስተዋት አራት ደርሷል። ወይራ አምባ ከመጣችሁ መጀመሪያ የምናሳያችሁ እነሱን ነው።