ጭረት የሌለበት ሸክላ

ቅንንን… ቅንንን… ቋ።

በሐይቅ ከተማ ዕቃ በሚገበያዩ ሰዎች አፍ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች፤ የተወለደችውም ከዚህ ድምፅ ነው። ገዛኸኝ የፀጉር ቤቱን በር ከውስጥ ሳይከፍት በፊት በየጠዋቱ ይሰማዋል። በረንዳው ላይ እማ ሰዓዳ ለገበያ የሠሩትን ምንቸትና ድስት በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ይለያሉ። ቅን ያለው ደኅና ነው። ቋ ያለው ግን የቱንም ያህል ቢያምር ተሰንጥቋልና ወደ ጎን ይገፋል።

በዚያ ሰሞን የገዛኸኝ ልብ ያረፈው ሌላ ሸክላ ላይ ነበር፤ በሚዘፍነው ላይ። አጎቱ ጋሽ ደምሌ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው ሳለ፣ አንድ ዘፈን በሸክላ ሲቀረጽ አጨብጫቢ ጎደለና እሳቸው ገብተው አጨበጨቡ። ይህን ማውራት ከጀመሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከእህታቸው ልጅ ከገዛኸኝ በቀር ግን የሚያምናቸው አልተገኘም። ጡረተኛው መቶ አለቃ ሽብሩማ ጢማቸውን ሊላጩ በመጡ ቁጥር፣ ደምሌ ሰርግ ላይ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ጭብጨባው ሸክላ ላይ አልቆበት ነው እያሉ ቤቱን ያስቁባቸዋል።

አሁን ደግሞ የጋሽ ደምሌ ጆሮ እየከዳቸው ሄደ። ገዛኸኝ ጨርሰው ሳይደነቁሩ ያንን ዘፈን ሊያሰማቸው፣ የመቶ አለቃውንም አፍ ሊያስይዝ ቆረጠ።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ አሮጌ ሸክላ በሚሸጥበት አንድ ገጽ ላይ ስልኩ ውስጥ አገኘው። ሽፋኑ አዲስ፣ ሸክላው ፊት የሚያሳይ መስተዋት። ፎቶውን በጣቶቹ እየለጠጠ መረመረው፤ ሻጩ «ጭረት የለበትም» ብሎ እንደጻፈው አንድ ጭረት የለውም። ደስታው አላስቀምጥ ቢለው ወጥቶ ለእማ ሰዓዳ አሳያቸው።

«አንኳኩተኸዋል?» አሉት።

«እማ፣ ይሄ እኮ የሙዚቃ ነው።»

«ስሙ ሸክላ አይደለም እንዴ?»

ሳቀና ገባ። ዘፈኑን በስልክ እንዲያሰማው ሻጩን ሊጠይቀው አስቦም ነበር። ሻጩ ግን ሌላ ሰው እየለመነው እንደሆነ ሲጽፍለት ጊዜ፣ ለብስክሌት ያጠራቀመውን ገንዘብ ሳይውል ሳያድር ላከ።

ሸክላው በአውቶቡስ መጣ። እሑድ ጠዋት ጋሽ ደምሌ የሰርግ ኮታቸውን ለብሰው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ካለው የሸክላ ማጫወቻ አጠገብ ተቀመጡ፤ ደኅና የሚሰማውን ጆሯቸውን አስጠጉ። መቶ አለቃው ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደለበሰ አንገታቸውን አሰገጉ። ገዛኸኝ መርፌውን አሳረፈ።

ቋ።

መርፌው ነጥሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ቋ። ዘፋኙ «እ» ከማለቱ እንደገና ቋ። ገዛኸኝ ሸክላውን አንሥቶ ወደ ብርሃን ቢያዞረው፣ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወርዳበታለች። እዚያው ቆሞ ለሻጩ ጻፈለት። መልሱ አልዘገየም፤ «ጭረት የለበትም አልኩ እንጂ፣ ስንጥቅ የለበትም ያልኩት የት ላይ ነው?» ይላል። ሌላ ቃል ሊልክ ሲል ሰውዬው ዘግቶበታል።

ምናልባት መርፌው ስንጥቋን ያልፋት ይሆናል ብሎ ሸክላውን መልሶ አስቀመጠው።

ቋ። ቋ። ቋ።

«ደምሌ፣» አሉ መቶ አለቃው፣ ሳቃቸውን በፎጣ እያፈኑ፣ «ጭብጨባህ ይሄ ነው?»

ጋሽ ደምሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዳመጡ። ቀስ ብለው እጆቻቸውን አነሡና ከመርፌው ጋር እኩል ማጨብጨብ ጀመሩ። አንድ ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ዐሥር ጊዜ፤ አንዲቱንም አልሳቱ። መርፌው ሲዘገይ ይዘገያሉ፣ ሲፈጥን ይፈጥናሉ። የመቶ አለቃው ፎጣ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ጋሽ ደምሌ ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጥተው ሄዱ።

ገዛኸኝ ሊከተላቸው በረንዳው ድረስ ወጣና፣ ባርኔጣቸው ከመንገዱ እስኪሰወር እያየ ቆመ። ማጫወቻው ከኋላው ቋ ቋ ይላል። እማ ሰዓዳ ከምንቸቶቻቸው ቀና ሳይሉ ጥቂት አዳመጡና፣ «ተሰንጥቋል፤ ነግሬህ ነበር ልጄ፣ ሸክላ በጆሮ እንጂ በዓይን አይገዛም» አሉት።