የደርበው ጊደር ጆሮ

በእኛ ቆላ ሰው ሳይገደድ የጀመረው ነገር መልሶ ሲያደክመው የሚላት አንዲት አባባል አለች። ልጆቻችን ከጥንት የመጣች ትመስላቸዋለች። የተነሳችው ግን ከጎረቤቴ ከደርበው ጊደር ነው፤ ስትነገር እኔም ነበርኩ።

የከብት ሐኪሙ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሰበሰበንና፣ ከብቶቻችን ጆሯቸው ላይ ቢጫ ቁጥር ቢሰካላቸው ቢሰረቁ እንኳ የትም እንደሚታወቁ ነገረን።

«ግዴታ የለበትም፤ የፈለገ ብቻ ያስመዝግብ» አለ። «ክፍያም የለውም።»

ሰው ወደየቤቱ መበተን ጀመረ። ደርበው ግን ባለፈው ክረምት በሬው ተሰርቆበት ነበርና ቀድሞ ተነሳ። የቀረችው አንዲት ጊደር ናት። ጎትቶ አመጣት፤ ጆሮዋ ተበስቶ ቁጥሯ ተሰካ። እኔ ከብቴን ከሜዳ መንዳት ሰልችቶኝ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጆሮዋ መገለ፤ ዝንብ ወረራት። ደርበው እርሻውን ትቶ፣ ከከተማ መድኃኒት እያመላለሰ ቁስሏን ሲያጥብ ከረመ። ቁስሉ ሳይደርቅ ግራር ውስጥ ገብታ ቁጥሩን ከነጆሮዋ ጫፍ ቀደደችው። ብንፈልግ አጣነው። ሐኪሙን ሌላ እንዲሰካላት ቢጠይቀው፣ «ምትኩ በክፍያ ነው፤ እሱም እስኪመጣልን ጠብቅ» አለው። ጠበቀ፤ አልመጣም።

በዚህ መሃል የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ከተማ ገቡ ተባለ። የደርበው ሚስት ስንዱ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ግድግዳ እየዳሰሰች ነበር የምትሄደው። ለመንገድና ለማደሪያዋ ብሎ ጊደሯን ገበያ አወጣት። እኔም ወይፈኔን ይዤ አብሬው ወረድኩ።

የገበያው ጠባቂ የወይፈኔን ያልተበሳ ጆሮ አየት አድርጎ አሳለፈኝ። የጊደሯን ጆሮ ግን ገለበጠው።

«ቁጥሩ የታለ?»

«እሾህ ቀደደው፣ ወንድሜ።»

«ሌባም እንዲህ ነው የሚቀደው።»

«እኔው ነኝ ያስመዘገብኳት፤ ስሜ አለ።»

«ስምህ የሚገኘው በቁጥሩ ነው። ቁጥሩን አምጣ።»

ልመስክር ብል፣ አብረህ የመጣህ ነህ አለኝ። ጊደሯን ገበያው ግቢ ውስጥ አሰሯት፤ ደርበውን ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ወይፈኔን ሳልሸጥ ምስክር ፍለጋ ወደ አገር ተመለስኩ። የቀበሌያችንን ሽማግሌ አባ ሽበሺንና ሁለት ጎረቤቶች ይዤ ስመጣ ወንዙ ሞልቶ ያዘን። ጎድሎልን ተሻግረን፣ ቃላችንን ሰጥተን ደርበው ሲለቀቅ ብዙ ቀን ነጉዷል።

የዓይን ሐኪሞቹ ገና እንዳሉ ለማየት ጊደሯን እየነዳን በቀጥታ ወዳረፉበት ትምህርት ቤት ሄድን። በሩ ተዘግቷል።

«ትናንት ሄዱ» አለ ዘበኛው።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

ደርበው አጥሩ ሥር ቁጭ አለ። ጊደሯ ከስታ ጎድኗ ይቆጠራል። «ስንዱ ነጠላዋን አጥባ እየጠበቀችኝ ነው» አለ። «አባ፣ ምን እላታለሁ? አስገድደውኝ ቢሆን በሰው አሳብብ ነበር። ማንም አስመዝግብ አላለኝም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት።»

አባ ሽበሺ ጫማቸውን አውልቀው አጠገቡ ተቀመጡና ያበጠ እግራቸውን እያሹ፣ «አዎ ልጄ፤ በውድ የገቡበት በውድ ያስወጣል» አሉት።