ሰባት ጊዜ የተመረቀው ሰው

ሰባት ጊዜ ከሱስ የተመረቀ አንድ ሰው ነበረ።

አትሳቅ። ፊደል ያስቆጠርኩህ ልጅ ዛሬ ሹም ሆነህ፣ የምታሠራውን ማገገሚያ ቤት ፕላን ጠቅልለህ መጥተህ፣ «የኔታ፣ ጥሩ ማገገሚያ ቤት በምን ይታወቃል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። የምመልስልህ በዚህ ሰው ነው። ፕላኑን ለጊዜው ከጉልበትህ አውርደው።

ሰውየው የሚኖረው በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ዕፅ ከለመደ ወዲህ ግን ዓሣውን ለባሕሩ ትቶ ከሰው ጀልባ መቅዘፊያ ያጠምድ ጀመር። እንደ እሱ ያሉ ብዙ ነበሩ። አጥማጆቹ መልህቃቸውን ቤት ይዘው እየገቡ አቅፈው ይተኙ ነበር። የአንዱ ሚስት፣ «ከእኔና ከመልህቁ አንዳችንን ምረጥ» አለችው ይባላል። መልህቁን መረጠ።

በዚያው ከተማ አንድ ባለጸጋ ይህን አይቶ አዘነና ማገገሚያ ቤት አሠራ። እጅግ የተመሰገነ ቤት ነበር። አጥሩ ረጅም ነው። በሩም ሰፊ ስለሆነ የሚወጣውና ተመልሶ የሚገባው አይጋፉም። የገባ ሰው ሃያ አንድ ቀን ይተኛል፣ በሃያ ሁለተኛው ይመረቃል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ይጨበጨባል። አስተዳዳሪው ጠንቃቃ ሰው ስለነበረ ከእያንዳንዱ ተመራቂ ስም ጎን «ድኗል» ብሎ በትልቅ መዝገብ ላይ በእጁ ይጽፋል። በሁለተኛው ዓመት የዳኑት ሰዎች ቁጥር ከከተማው ሱሰኞች ቁጥር በለጠ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የእኛ ሰው ከተመራቂዎቹ ሁሉ ይወደድ ነበር፤ የምስጋና ንግግር ያውቅበታላ። «ከወደቅሁበት ያነሣችሁኝ አባቶቼ» ብሎ ሲጀምር ባለጸጋው ዓይኑን ይጠርጋል። ሰባት ጊዜ ተናገረ፣ ሰባት ጊዜ ጠረገ። ደግሞ ሰውየው አይዋሽም። በሩን እስኪወጣ ድረስ ከልቡ ነበር።

ዓሣ የምትሸጥ ታላቅ እህት አለችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ የቀረችለት ሰው እሷ ናት። ምስክር ወረቀት ባመጣ ቁጥር ግድግዳ ላይ ትሰቅልለታለች። ሰባተኛውን ሲያመጣ ቦታ ይጠፋ ይሆን ብላ ሰግታ ነበር፤ ግን ከስድስተኛው በኋላ የእናታቸውን የግድግዳ ሰዓት ሰርቆ ሸጦት ስለነበረ ቦታ ተገኘ። ምስማሩም እዚያው ነበር።

«ወንድምዓለም፣» አለችው ወረቀቱን እያቃናች፣ «ከእንግዲህ ሌላ ምስማር አልመታም። አሁን ከወደቅህ በሬን እዘጋለሁ። እኔም ሰው ነኝ እኮ።»

አለቀሰ፤ በእናቱ ስምም ማለ። በሦስተኛው ቀን የጀልባ ሠሪውን መላጊያ በጃኬቱ ሸሽጎ ሲወጣ ተያዘ።

ሽማግሌዎች አሸዋው ላይ ተቀመጡ። አጥማጆቹ «ይባረር!» አሉ። እህቱ በነጠላዋ አፏን ይዛ ከዳር ቆመች። አስተዳዳሪውም መዝገቡን አቅፎ መጣ።

«በመዝገባችን መሠረት ይህ ሰው ድኗል፣» አለ በጨዋ ድምፅ። «ሰባት ጊዜ። እንግዲህ የሰረቀው ጤነኛ ሰው ስለሆነ ጉዳዩ ቤታችንን አይመለከትም።»

«ይሄን ያህል ከዳነ ለእኛም ያካፍለን እንጂ!» አለ አንዱ አጥማጅ፤ ሰዉ ሳቀ።

ጀልባ ሠሪው ግን አልሳቀም። በዚያች ከተማ አንድ የቆየ ወግ አለ፤ አዲስ ጀልባ አሸዋ ላይ አይረከቡም። አሸዋ ላይ የሚያፈስ ጀልባ የለምና። ሠሪው ራሱ ከገዢው ጋር ይሳፈርና ማዕበሉ የሚሰበርበትን ድንጋይ አልፎ ይመለሳል። ጀልባው ውሃ ካስገባ ሠሪውም አብሮ ይረጥባል። ደርሶ ሲመለስ ብቻ ነው «ጀልባ ሆነ» የሚባለው።

«ጌታዬ፣» አለ ጀልባ ሠሪው፣ «ይሄን ሰው ስታስረክቡን ማን አብሮት ተሳፈረ?»

«እስከ በሩ ድረስ በክብር ሸኝተነዋል።»

«በሩማ አሸዋው ነው።»

አስተዳዳሪው መዝገቡን ገለጠ፤ ገጽ በገጽ አየ። የሚፈልገው እዚያ አልተጻፈም። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ መዝገቡን አሸዋው ላይ አስቀመጠና የሰውየውን ክንድ ያዘ። «ና፣» አለው፣ «ከበሩ እንጀምር።»

ከማገገሚያው በር እስከ እህቱ ቤት በእግራቸው ሄዱ። አስተዳዳሪው ያንን መንገድ የሚያውቀው በመኪና ብቻ ነበር። ሰውየው አንገቱን እንደደፋ፣ «እዚህ፣ ዓሣ ማድረቂያው ጀርባ ይሸጣል» አለው። ጥቂት ሄደው፣ «እዚህም።» ድልድዩ ጋ ሲደርሱ የድሮ ባልንጀራው ብቅ አለና፣ «ተመራቂው! ና እንጂ፣ ለምርቃትህ ልጋብዝህ!» ብሎ ክንዱን ጎተተው።

ሰውየው አንድ እርምጃ ተከተለው። ሰባት ጊዜ የወደቀው እዚህ ድልድይ ላይ ነው፤ ሰባቱንም ጊዜ ብቻውን ነበር። አሁን ግን በሌላው ክንዱ ላይ ላብ ያጠመቀው፣ ጫማው አሸዋ የሞላ አስተዳዳሪ ተንጠልጥሏል። አስተዳዳሪውም፣ «አይ… እኛ እንኳን ቸኩለናል» አለ።

አለፉ። ሰውየው በሃያ አንዱ ቀን ከሰማው ምክር ሁሉ ይህ በለጠበት።

ሽማግሌዎቹ ፍርዳቸውን አቆዩት፤ ሰውየው ወደ ማገገሚያው ተመልሶ ገባ፤ ቤቱም ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት ሆነ። ሐኪም ተቀጠረለት፤ ማን መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ የዳቦው ቀን አልነበረም። ታካሚዎቹ ጠዋት ጠዋት ጀልባ ሠሪው ጋ ሥራ ይማራሉ። የወጣውን ሰው አንድ አስታማሚ በየቀኑ በዚያ መንገድ ይሸኘዋል፤ ባሕሩ የሚቆጣበት የነፋሱ ወራት ካላለፈ ምስክር ወረቀት የለም። ባለጸጋው ደነገጠ። «ዓምና መቶ አስመርቀን ዘንድሮ ዘጠኝ? ቤቱ ደክሟል!» አለ። እውነቱን ነው፤ ደክሞ ነበር፤ ሲሠራ ይውላላ። የወደቡ ዘበኞችም ተቸገሩ፤ የሚያባርሩት ሌባ ቢያጡ መረብ መጠገን ተማሩ። መልህቁም ወደ ጀልባው ተመለሰ፤ ሚስትየዋ ግን እመለስ አልመለስ እያለች አንድ ወር አሰበችበት።

የነፋሱ ወራት ሲያልፍ የእኛን ሰው ለስምንተኛ ጊዜ «ንግግር አድርግ» አሉት። ተነሣ። ያ ሁሉ ቃል ጠፋው። ወደ አስተዳዳሪው እያየ፣ «አብረውኝ ሄደዋል። እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ባለጸጋው ዓይኑን አልጠረገም። አስተዳዳሪው ግን መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ሁሉ በረበረ።

ሰውየው ወረቀቱን በአንድ ብብቱ፣ በሌላው ደግሞ በራሱ ላብ የገዛውን የግድግዳ ሰዓት ይዞ ቤት ገባ። እህቱ ሰባተኛውን ወረቀት አወረደችና ሰዓቱን በእናታቸው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

«ስምንተኛውስ?» አላት።

«እሱማ ቦታ የለውም፣» አለች፤ «ደግሞ አንተ እዚህ ካለህ ምን ያደርግልኛል?»

አየህ ልጄ፤ ጀልባው ሰውየው ነው፣ አሸዋው የቤትህ በር ነው፣ ማዕበሉም ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ነው። ቤትህ የሚታወቀው ስንት ሰው ወጣ ተብሎ አይደለም፤ ከወጣው ጋር ማን ሄደ፣ ከነፋሱስ በኋላ የት ተገኘ ተብሎ ነው። በል፣ አሁን ፕላኑን ዘርጋው። አጥሩ አምሯል። በሩም እግዚአብሔር ይመስገን ሰፊ ነው። ይሄ ጥግ ላይ ያለውስ ምንድን ነው? ያንተ መኪና ማቆሚያ?

እሱን ሰርዘው። ነገ ጠዋት ከበሩ እስከ ገበያው በእግር እንሄዳለን፤ እኔም አብሬህ አለሁ።