እሾሃሙና ልሙጡ በለስ

አንድ ጊዜ፣ ኪኪኪ… ቆዩማ ሳቄን ልጨርስ! ዋናው ጉድ ወደ ኋላ ነው፤ ያኔ እናንተም ሆዳችሁን ትይዛላችሁ። ብቻ አንድ ጊዜ ደረቅ ቆላ ውስጥ አንዲት አህያ በለስ ተከለች። አተካከሉንስ ታውቅበታለች፤ ከአንዲት እናት በለስ ቅጠል ቅጠሉን ቆርጣ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሰባት ቀን ጥላ ሥር አስተኝታ፣ ከዚያ ነው አፈር ያስነካችው። ቸኩለው የተከሉት በለስ ይበሰብሳላ!

ግማሹን ዳር ዳሩን ድንጋዩ ላይ ለአጥር፣ ግማሹን መሀል ምንጩ አጠገብ ለምግብ አደረገችው። ጊዜው ሲደርስ የዳሩ እሾሁን እንደ መርፌ አቆመ፤ የመሀሉ ግን ልሙጥ ሆነ። ከእሾሁ ወዲህ አህያዋ ተኛች፣ ከእሾሁ ወዲያ አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

«አይዞህ አያ ጅቦ፣ እሾሁን ሕግ ይነቅልልሃል» አለው ቀበሮ። ተያይዘው አንበሳን ጓሮዋ ድረስ አመጡት።

«ጌታዬ፣ ልሙጡ ደግ በለስ ነው። እሾሃሙ ግን ሌላ ዘር ነው፣ አረም! ቆላውን ሳይወርሰው ይነቀል» አለ ቀበሮ።

«ነቃዩ እኔ ልሁን!» አለ ጅቡ፣ ዓይኑን ከአህያዋ ዳሌ ሳይነቅል።

አህያዋ ጆሮዋን አቁማ ፊታቸው ተገተረች። አጥሩ ከተነቀለ የዚያኑ ማታ የጅብ እራት እንደምትሆን ታውቃለች።

«አልነቅልም፣ አላስነቅልም! ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ፀሐይና ድንጋይ ያገኘው እሾህ አበጀ፣ ጥላና ውሃ ያገኘው ለሰለሰ። እሾሁን ትታችሁ እሾሁ የሚበቅልበትን ዓይኑን እዩ!»

«ልሙጥ ደግሞ ምን ዓይን አለው እቴ? ይኸው ራሰ በራ!» ሳቀ ቀበሮ።

«እንግዲያው አያ ጅቦ ይቅመሰው። ካልወጋው አጥሬን በገዛ ጥርሴ እነቅላለሁ።»

ጅቡ ሁለቴ አልተለመነም። ትልቁን ቅጠል እንዳለ ጎረሰ። አንዴ አላመጠ፣ ሁለቴ አላመጠ፣ ሦስተኛው ላይ… ኪኪኪ! ለካ ልሙጡም በየዓይኑ እንደ ጠጉር የቀጠነ እሾህ ሸሽጎ ኖሯል! ጅቡ ምላሱን ጎልጉሎ መሬት ለመሬት ተንከባለለ፤ በመዳፉ ቢጠርገው መዳፉም ተወጋ። ቀበሮ ቀስ ብሎ ሊሾልክ ሲል አንበሳ ጅራቱን ረገጠው።

«ወዴት ነው፣ የዘር አዋቂው? ከጅቡ ምላስ ላይ እሾሁን አንድ በአንድ ትለቅማለህ!»

አጥሩም አልተነቀለ፣ አህያዋም አልተበላች።

ከዚህ የምንማረው መልኩ ተለየ ብሎ ዘሩን ከመካድ በፊት ቀርቦ መመርመርን ነው፤ አንበሳ «ታዲያ አረሙ የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ጅቡ እንኳ ባበጠ ምላሱ እንዲህ ሲል መሰከረ፦ «ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ጌታዬ፤ እሾሃሙስ አስጠንቅቆኝ ነበር!»