አልከፈት ያለው መስኮት

ቤት ያለው ቤቱ ሆኖ ይስማ፤ ቤቱ ጎማ ያለው ደግሞ መኪናውን ዳር አስይዞ ይስማ።

እናኑና ድንበሩ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ድንበሩ ዕድሜውን ሙሉ ከጎንደር ሽሬ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እናኑ ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ሆና ስትጠብቀው ኖረች። ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ሲበተኑ ሁለቱ ተመካከሩና ቤቱን አከራይተው አንድ አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። የፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር ተነቀለና ቡታጋዝና የውሃ ጀሪካን ተቀመጠበት። ከኋላ ፍራሽ ተነጠፈ። ከሹፌሩ ጀርባ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የእናኑ መቀመጫ ሆነ።

የሚሄዱበትን መንገድ የምትመርጠው እናኑ ነበረች። ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሐይቁ በየት በኩል ሲያልፉ ደኅና እንደሚታይ፣ የጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የሚያርፍበት ተራራ የቱ እንደሆነ፣ ሲመሽ ውሃ ያለው ማደሪያ የት እንደሚገኝ ስታወጣ ስታወርድ ትውላለች። አጭር መንገድ አትወድም። ድንበሩ አጭሩን ይወዳል፤ ቢሆንም ያለችው ቦታ ይነዳል። እንዲህ እያሉ ጣናን ዞሩ፣ ጉና ሥር አደሩ፣ መስኩ ሁሉ አበባ ባበባ ሰሞን ደባርቅ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ የእናኑ ዕቅድ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዶ፣ ዛሪማን ተሻግሮ፣ ተከዜ ዳር ማደር ነበር።

ለዚህ ሁሉ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ በእሷ በኩል ያለው መስኮት እንዲከፈትላት። መስታወቱ ከአቧራና ከፀሐይ ብዛት እንደ አጓት ደብዝዟል፤ በእሱ ውስጥ ላየ ሰው ተራራና ግድግዳ አይለይም። ሐዲዱ ስለዛገ ደግሞ አይንሸራተትም። ወርዳ እንዳታይ፣ ድንበሩ ሊማሊሞ ላይ መኪና አያቆምም፤ አቁሞም አያውቅም። ያን ዕለት ጠዋት ጭራሽ ወደ ጎንደር እንመለስና በሌላ በኩል እንዙር ማለት አመጣ። ከቀትር በኋላ ቁልቁለቱን ጉም ይሸፍነዋል፤ እስከዚያ መስኮቱ ካልተሠራ ሊመለሱ ተስማሙ። ሲስማሙ የድንበሩ ፊት ፈታ አለ። እናኑ አየችው። ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች።

ከመናኸሪያው ጀርባ ዋሴ የሚባል መካኒክ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘች። መጣና መስታወቱን ገፋ፤ ዝገቱን በጥፍሩ ጫረ፤ ሐዲዱ ተፈትቶ መጠረግ አለበት አለ። እሱ ግን አልፈታውም። መፍቻዎቹ ያሉት ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ያለው ቤቱ ነው፤ ቤቱን የቆለፈችው ሚስቱ ናት። ለምን እንደቆለፈችው ሲጠየቅ ተነሥቶ ሌላ ጎማ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ድንበሩ ጋ ያሉት ክሪክና የጎማ መፍቻ ብቻ ናቸው፤ ሌላው የከተማው መካኒክ ደግሞ ለሠርግ ገጠር ወርዷል። ስለዚህ ዋሴ ያለ ሳጥኑ ሐዲዱን አልፈታም አለ፤ መስኮቱም አልከፈት አለ።

እናኑ ወደ ዋሴ ቤት ሄደች። ሚስቱ ጠጅቱ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደጅ ላይ ጋን ታጥናለች። ማኅበር ቤቷ ሊገባ ነው፤ ጠላው ዛሬ ካልተጠነሰሰ አይደርስም። ዋሴ ገብሱን ወፍጮ ቤት አድርሶ ዱቄቱን አመጣለሁ ብሎ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ከወጣ ማንም አያገኘውም። እናኑ ለምና ለምና ስታበቃ ጠጅቱ ቁልፏን በእጇ ሸፈነች።

“ዱቄቴ ደጄ ሲደርስ ሳጥኑ ከደጄ ይወጣል፣ እማማ” አለቻት። “ከዚያ በፊት ግን ባለቤቴም ቢያለቅስ አልሰጠውም።”

ስለዚህ ጠጅቱ ያለ ዱቄቷ ሳጥኑን አልሰጥም አለች፤ ዋሴ ያለ ሳጥኑ ሐዲዱን አልፈታም አለ፤ መስኮቱም አልከፈት አለ።

እናኑ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። ድምፅ የለም። ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ወሬ ይዘዋል፤ ባለ ወፍጮው ጋሼ ቢሻው በሩ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። የጠጅቱ ገብስ አለ፣ ከፊተኞቹ ጆንያዎች ጋር ነው። ወፍጮው ግን ናፍጣ ጨርሷል። የናፍጣ ጀሪካኖቹ ተሞልተው በከተማው መግቢያ ማደያው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋሪ ነጂው ፈንቴ አመጣለሁ ብሎ ቀርቷል። ጋሼ ቢሻው እናኑ የሩቅ መንገደኛ መሆኗን ከጫማዋ አይቶ አዘነላት፤ ማዘኑ ግን ገብስ አይፈጭም።

ስለዚህ ጋሼ ቢሻው ያለ ናፍጣ ገብሱን አልፈጭም አለ፤ ጠጅቱ ያለ ዱቄቷ ሳጥኑን አልሰጥም አለች፤ ዋሴ ያለ ሳጥኑ ሐዲዱን አልፈታም አለ፤ መስኮቱም አልከፈት አለ።

እናኑ ፈንቴን ፍለጋ ሄደች። ጋሪውን ከአጥር አስደግፎ፣ ዳማ ፈረሱን ባሕር ዛፍ ላይ አስሮ፣ የፈረሱን እግር ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጨው ውሃ ያጥባል። ሰኮናው ውስጥ ጠጠር ገብቶ አቁስሎታል። ፈንቴ ለወፍጮ ቤቱ ቃል እንደሰጠ አልካደም። ፈረሱን ወደ ጋሪው ሲስበው አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቆመ፤ አንዴ እናኑን፣ አንዴ ፈንቴን አየ፤ አልተራመደም።

“ጋሼ ቢሻው ግረፈው ብሎ ልኮብኛል” አለ ፈንቴ። “አልገርፈውም። እሱም እኔ እግሬን ባመመኝ ቀን ገርፎኝ አያውቅም።”

መኪና ያለው ሰው ፈልጉ ብሎ ወደ ማጠቡ ተመለሰ። የገበያ ቀን ስለሆነ የከተማው መኪና ሁሉ ጭነት ላይ ነው። ሥራ ፈትቶ የቆመ መኪና አንድ ብቻ እንዳለ እናኑ ታውቃለች፤ ትናንት የተኛችው እሱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ፈረሱ አልራመድም አለ፤ ፈንቴ ያለ ፈረሱ ናፍጣውን አላመጣም አለ፤ ጋሼ ቢሻው ያለ ናፍጣ ገብሱን አልፈጭም አለ፤ ጠጅቱ ያለ ዱቄቷ ሳጥኑን አልሰጥም አለች፤ ዋሴ ያለ ሳጥኑ ሐዲዱን አልፈታም አለ፤ መስኮቱም አልከፈት አለ።

ድንበሩ የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እናኑ ፊቱ ቆማ ሁሉንም ከፈረሱ እስከ መስኮቱ ነገረችው። አቋርጧት አያውቅም፤ አሁንም አላቋረጣትም። ስትጨርስ ግን የሰው ናፍጣ የእኛ ጣጣ አይደለም አላት። ቀኑም እየገፋ ነው፤ ጉሙ ሊመጣ ነው፤ ዕቃሽን ሰብስቢና በጊዜ ወደ ጎንደር እንመለስ። የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው፤ እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም።

ስለዚህ ድንበሩ መኪናውን አላስነሣም አለ፤ ፈረሱ አልራመድም አለ፤ ፈንቴ ያለ ፈረሱ ናፍጣውን አላመጣም አለ፤ ጋሼ ቢሻው ያለ ናፍጣ ገብሱን አልፈጭም አለ፤ ጠጅቱ ያለ ዱቄቷ ሳጥኑን አልሰጥም አለች፤ ዋሴ ያለ ሳጥኑ ሐዲዱን አልፈታም አለ፤ መስኮቱም አልከፈት አለ።

እናኑ ዕቃ አልሰበሰበችም። ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ድንበሩ አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር መንገዱ እንዴት ነው ትለዋለች፤ ሜዳ ነው ይላታል። ክረምትም ሲሆን ሜዳ ነው። ሁለት ቀን ዘግይቶ፣ ዓይኑ ደም መስሎ የመጣ ጊዜም ሜዳ ነው ብሎ ነው የተኛው።

“ሜዳ ነው ስትለኝ አምኜህ አይደለም” አለችው። “የሹፌር ሚስቶች ሁላችንም ከአንድ ቦኖ ነበር ውሃ የምንቀዳው። ማን የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደቀረ እዚያ ነው የምንሰማው።”

ድንበሩ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። “ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር። እየነዳህ የእኔን ፍርሃት እንዳታስብ ብዬ ዝም አልሁ። አሁን ቤት ቁጭ ብዬ የምጠብቀው የለም። ስፈራው የኖርሁትን ነገር በዓይኔ ልየው።”

ድንበሩ ብርጭቆውን ከመሬት አነሣ። ከዚያ የቀረውን ሻይ ደፋው፤ ተነሣ፤ ኪሱን ዳበሰ።

ድንበሩ መኪናውን አስነሣ፤ መኪናው ናፍጣውን አመጣ፤ ናፍጣው ወፍጮውን አስጮኸ፤ ወፍጮው ገብሱን ፈጨ፤ ዱቄቱ ጠጅቱ ደጅ ደረሰ፤ ጠጅቱ ቁልፏን ከአንገቷ አወለቀች፤ ሳጥኑ ከቤት ወጣ፤ ዋሴ ሐዲዱን ፈታ፤ ዝገቱን ጠረገ፤ ዘይት አጠጣው፤ መስኮቱም በአንድ ጣት ተገፍቶ ተከፈተ። ፈረሱ ባሕር ዛፉ ሥር አንድ እግሩን አንጠልጥሎ እንደቆመ ቀረ፤ ያን ቀን ሰው አላስቸገረውም።

ጉሙ ገና ከሩቁ ጫፍ ላይ ነበር። ከደባርቅ ወጥተው ትንሽ እንደሄዱ ምድሩ ከእናኑ ጎን ድንገት አለቀ። መንገዱ በገደሉ ወገብ እየታጠፈ፣ እንደገና እየታጠፈ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ያው መንገድ ተመልሶ እንደ ክር ይታያል። ከታች የሚመጣው ነፋስ ሞቅ ያለ ነው። እናኑ መጀመሪያ የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ለቀቀችው። ያን ያህል ዘመን በሐሳቧ ስታየው የነበረው ጥቁር ነገር ነው፤ ይህ ግን አረንጓዴ ነው፤ ከገደሉ አፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ልጆቻቸው ጀርባቸው ላይ ይንጠላጠላሉ። ገደልነቱም አልቀረም። ሁለቱንም አንድ ላይ አየች።

ሰፋ ያለ መታጠፊያ ሲደርሱ ሳትጠይቀው መኪናው ዝግ አለ፤ ዳር ያዘ፤ ቆመ። ድንበሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ወደ ገደሉ አፍ መጣ። እናኑም ወርዳ አጠገቡ ቆመች። በዚህ መንገድ ሲመላለስ ዓይኑ ከፊቱ ካለው አስፋልትና ጠጠር ተነሥቶ አያውቅም ነበር። አሁን እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ወደ ታች አየ።

“ያ የሚያበራው ወንዝ ምንድን ነው?” አላት።

እናኑ ካርታውን ማውጣት አላስፈለጋትም። “ዛሪማ ነዋ። ድልድዩን ስትሻገረው የኖርኸው።”

“ከላይ አይቼው አላውቅም” አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ጉሙ እስኪደርስ ስንት ጊዜ አለን ብሎ ጠየቃት። እናኑ ሰማዩን አየችና ገና ነው አለችው፤ እሷም ተቀመጠች።