የአህያ ግማሽ ራስ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ የላም በረት በሉኝ።

በአንድ አገር አራዊት ተባብረው አንበሳን አባረሩ። «ከእንግዲህ ማንም በማንም ላይ አይነግሥም» ብለውም ለመመካከር ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ዝንጀሮ ከነወገኑ አህዮቹን እንደጫነ መጣ። ከአህዮቹ አንዷ እጅግ ዓይን አፋር ነበረች፤ ያን ቃል ከሰማች ወዲህ ግን ጭነቴ ዛሬ ይወርድልኛል እያለች ልቧ ይመታ ነበር።

ብዙ ራስ ያለው ወገን ብዙ ድምፅ ይኑረው ተባለ። ዝንጀሮም፣ «እንግዲያው አህዮቼ ከእኔ ጋር ይቆጠሩ» አለ።

በሬ ሳቀ። «አያ ዝንጀሮ፣ ትናንት ዕቃዬ ናቸው ስትል አልነበር? ዛሬ ዘመድ ሆኑ?»

«ካልሆነ ወደ ገደሌ እመለሳለሁ። አንበሳ ሲመጣ ብቻህን ቻለው!»

በሬ አንበሳን ስለሚፈራ ለዘበ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሁለት አህያ እንደ አንድ ራስ እንዲቆጠር ተስማሙ።

አህያይቱ እንደምንም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ጌቶቼ፣ የሚቆጠረው ግማሼ የትኛው ነው? አፌ ያለበት ነው?» አለች።

«ለአፍማ እኔ አለሁልሽ፣ እመት አህያ!» አለ ዝንጀሮ። ጉባኤው አውካካ።

ወዲያው የአህያ ጭነት ይውረድ ወይስ ይቆይ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ይውረድ ያሉት ጥቂት አልነበሩም፤ ዝንጀሮ ግን የአህዮቹን ድምፅ በራሱ ላይ ደምሮ በለጣቸው። አህያይቱም የገዛ ግማሿ ፈርዶባት፣ ጭነቷን እንደተሸከመች ቁልቁለቱን ወረደች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።