ውሻውን የከሰሰው ጭቃ ሹም

የሾላ ገደል ሰዎች «እገሌ ጀርባውን ሰጠኝ» ብሎ የሚቀየም ሰው ሲገጥማቸው አያባብሉትም። እርስ በርስ ተያይተው ይስቁና አንዷን አባባል ጣል ያደርጉለታል። አባባሏን የሰማ እንግዳ ከሊቅ አፍ የወጣች ይመስለዋል። እሷ ግን የወጣችው ከችሎት ነው፤ ተከሳሹም ውሻ ነበር።

ጭቃ ሹም አንዳርጌ ከመሾሙ በፊት ደግ ሰው እንደነበረ ሁሉም ይመሰክርለታል። ሹመቱ አናቱ ላይ ለመውጣት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የፈጀበት። በሦስተኛው ሳምንት ዘንግ አስቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊቱ ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ያልነሣ ሰው ከዚያ ዘንግ ሳይቀምስ አይሄድም ነበር። ምክትሉ ላቀውማ ጀርባውን እንዳያዞርበት ብሎ ከቤቱ የሚወጣው የኋሊት እየተራመደ ነው። ሁለት ጊዜ ደፍ ጠልፎ ጥሎታል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የሊጥ ቡሃቃ ውስጥ ተቀምጧል።

አንዳርጌ ይህን ሲያይ ልቡ ይሞላል። ያልገበረለት አንድ ፍጡር ብቻ ቀረ፤ እሱም ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጁ እያጎረሰ ያሳደገው ውሻው ነብሮ ነው።

ሹሙ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ባለጉዳይ ሲያናግር ነብሮ ይመጣና ጀርባውን አዙሮ እግሩ ላይ ዘፍ ይላል። ክብደቱን ሁሉ በጌታው ቅልጥም ላይ ጥሎ፣ ፊቱን ወደ ባለጉዳዩ ያደርጋል። ሲገሥጹት ዞር ብሎ ያያል፣ ያዛጋል፣ መልሶ ይደገፋል።

«አየሽው?» ይላታል አንዳርጌ ሚስቱን አጸደን። «ፊቱን ለመንገደኛው፣ መቀመጫውን ለእኔ!»

«ወዶዎት ነው እኮ።»

«በመቀመጫ መውደድ የት አገር ያለ ነው?»

አንድ ቀን ከወረዳው መልእክተኛ መጣ። አንዳርጌ ኩታውን አጣፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ሊቀበለው ቆመ። ነብሮም መጣና ጀርባውን ሰጥቶ ጫማው ላይ ተቀመጠ። መልእክተኛው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የአንዳርጌ ደም ፈላ።

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ።

ነብሮ ቀጥ አለ። ስንት ሰው የሚረግጠውን ቃል ውሻው አከበረው።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ የልብሳቸው ጫፍ ይቋጠርና ቁራኛ ሆነው ነው የሚሄዱት። ነብሮ ልብስ ስለሌለው አንዳርጌ የራሱን ኩታ ጫፍ ከውሻው አንገት ጋር ቋጥሮ የግማሽ ቀን መንገድ ጀመረ። ከሹመቱ ወዲህ ጌታውን እንዲህ ለብቻው አግኝቶት የማያውቀው ነብሮ ጅራቱን እየቆላ፣ እየዘለለ፣ የከሳሹን እጅ እየላሰ ሄደ። እንደሱ ደስ ብሎት ወደ ችሎት የሄደ ተከሳሽ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። አጸደና ላቀው ከኋላ ተከተሉ።

ዳኛው ግራዝማች ወልደየስ ዋንዛ ሥር ተቀምጠዋል። ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ግጥም ብሏል። አንዳርጌ ክሱን አሰማ፤ ውሻው ንቆኛልና ከገደሉ ማዶ ይባረርልኝ አለ። ከገደሉ ማዶ የጅብ አገር ነው።

«ተከሳሽ፣ ምን ትላለህ?» አሉ ግራዝማች።

ነብሮ አዛጋ።

«ይኸው! እርስዎም ፊት ደገመው!»

«ጠበቃው እኔ ነኝ» አለች አጸደ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ።

ግራዝማች ጢማቸውን አሻሹ። «እንግዲህ ከተፈረደበት ማዶ አድርሰኸው የምትመለሰው አንተው ነህ። ቁራኛው አንተ ነህና።»

አንዳርጌ ይህን አላሰበበትም። ያን የሚቆላ ጅራት ከዚያ ዱር ውስጥ ትቶት ሲመለስ ታየው። ግን ገበያው ሁሉ እያየው እንዴት ብሎ ይመለስ?

«ሹም ከክሱ አይመለስም» አለ፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

«መልካም። ውሻው አሁን የት ነው ያለው?»

«እግሬ ላይ፣ ጌታዬ።»

«ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጀርባውን የሰጠው ለስንቱ ነው?»

«ለእኔ ብቻ!» አለ አንዳርጌ በምሬት።

ግራዝማች ወደ ምክትሉ ዞሩ። «ላቀው፣ አንተ ከዚህ ሰው ቤት የኋሊት ትወጣለህ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አክብረኸው ነው?»

ላቀው ዘንጉን ሰረቅ አድርጎ አየ። «እውነቱን ልናገር ጌታዬ? ጀርባዬን ካዞርኩ ዘንጋቸው መቼ እንደሚነሣ በምን አውቃለሁ?»

ገበያው በሳቅ ተናጋ።

«አጸደ፣ ባልሽ ሲተኛ ፊቱ ወዴት ነው?»

«ወደ ግድግዳው፣ ጌታዬ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባቸውን ነው የማየው። እንደሚያስከስስ ሳላውቅ ኖርኩ እንጂ!»

አንዳርጌ ደነገጠ። «እኔ ንቄሽ ነው እንዴ? ካንቺ በኩል ምን ይመጣብኛል ብዬ...»

ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ፤ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ዝቅ ብሎ አየ። ነብሮ አከርካሪውን ቅልጥሙ ላይ አስደግፎ፣ የማያውቀውን ሕዝብ ሁሉ አፍጥጦ እየጠበቀለት ነው። አንዳርጌ አፈረ። እዚያው ገበያው መካከል ቁጢጥ አለና የውሻውን አንገት አቀፈ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

ግራዝማች ዘንጉን ከአንዳርጌ እጅ ተቀብለው ከዋንዛው ግንድ ጋር አቆሙት፤ እንዲህም አሉት፦ «የፈራህ ፊቱን፣ ያመነህ ጀርባውን ይሰጥሃል።»